ሰባት ቀይ ቀናት

ባሌ ይመር በሃያ ስድስት ቀን ውስጥ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ "ደህና ነኝ" ብሏል። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፣ እጁ ላይ ያለው ሰሚ ነው። በዚያው ሃያ ስድስት ቀን "አመመኝ" ያለው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው፤ አምስቱን ለእኔ፣ አንዷን ሰሚ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱን ለስፌት መኪናው፣ አንዷን ሽንት ቤት ገብቶ ለብቻው። ሰሚ ቤት የምትሠራው ልጅ ስክሪኑን አዙራ ይህን ስታሳየን ይመር አንገቱን ደፋ። እኔ ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሥሩ ልጀምር። ይመር ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። እኔ መዲና እባላለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፣ ቀንና ቁጥር የማልረሳው ለዚህ ነው። ልጅ አልሰጠንም። በ2081 ዓ.ም. ጥቅምት አምስት ቀን አንጀቱ ተጠማዘዘ። ሆስፒታል ወሰዱት፣ የቀዶ ጥገና ማሽኑ ሆዱን ከፈተ፣ አንድ ክንድ የሚያህል አንጀት ቆርጦ አወጣ፣ መልሶ ሰፋው። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ነበር። ፋሻው ሲነሳ ቁስሉን በመስታወት አየና "ይሄ ስፌት ከእኔ ይበልጣል" አለ። ይመር ሲያመሰግን አይሰስትም፣ ማሽንም ቢሆን።

ሕመሙ የጀመረው በሰባተኛው ቀን ነው። ከእምብርቱ በታች፣ በስተግራ። ሲበላ አይደለም፤ በልቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይመጣበታል። እግሩን አጥፎ ይቀመጥና ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ምን እንደሚመስል ስጠይቀው የሚሰፋውን ኮት ገለበጠና ውስጡን አሳየኝ።

"ገበሩ ከጨርቁ ጋር ሳይታወቅ አብሮ ሲሰፋ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ላዩን ስታይው ምንም የለውም። የለበሰው ሰው ግን እጁን ባነሳ ቁጥር ይጎትተዋል። እኔም ውስጤ አንድ ቦታ አብሮ ተሰፍቷል።"

ሐኪም አይደለም። ግን ስፌት ያውቃል፣ እኔም አመንኩት።

ሰሚ በእጃችሁ ላይ ስላለ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ደህና ነኝ ወይም አልሐምዱሊላህ ስትሉ አረንጓዴ፣ አመመኝ ስትሉ ቀይ እንደሚበራ ታውቃላችሁ። የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። የዚህ አገር ሰው ቅጽ ላይ ሕመሙን እንደማይሞላ፣ ሰላምታን ግን ሞት አፋፍ ላይም ሆኖ እንደሚመልስ ደርሰውበታል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሰላም ይለናል። ሹፌር የሌለው ታክሲ በሩን ከመክፈቱ በፊት እንደምን አደራችሁ ይላል። የውሃ ቦኖው እንዴት ዋላችሁ ይላል። የመሥሪያ ቤት በር ሳይቀር ጤና ይጠይቃል። እኛም እንመልሳለን፣ እነሱም ይመዘግባሉ። ሶላት ላይ የሚባለው ብቻ አይቆጠርም፤ እሱን ቀድመው አስበውበታል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰሚ ቤት ሄድን። ግድግዳው ላይ በትልቁ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚል ተጽፏል። ከጠረጴዛው ኋላ ረድኤት የምትባል ወጣት ተቀምጣለች፤ ትሑት ልጅ ናት፣ ከወንበሯ ተነስታ ነው የተቀበለችን።

"ጋሼ ይመር፣ እንደምን አሉ? ጤናዎ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ ሰላም ነሽ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?" አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የመጣሁት እንኳ ሆዴን እያመመኝ ነው" አላት።

እጁ ላይ አረንጓዴው በርቶ ነበር። ቀዩ ተከትሎት ለአፍታ ብልጭ አለና ጠፋ። ረድኤት ሁለቱንም አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

ምስል የሚያነሳው ክፍል አስገቡት። ውጤቱ ከመውጣታችን በፊት ደረሰ፤ ስፌቱ ድኗል፣ አንጀቱ ይሠራል፣ ምስሉ ንጹህ ነው። ከታች አንድ መስመር ነበረች፤ "ምክንያቱ ያልታወቀ ስሜት" ትላለች። ሕመም አይደለም ያሉት፣ ስሜት ነው ያሉት። ንዴቴ ከዚያች ቃል ነው የጀመረው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባሰበት። እንጀራ ተወ፣ አጥሚት ብቻ ሆነ። ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ፤ ሱሪውን ራሱ አጠበበው። በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው እንግዲህ ተመልሰን ሄደን ረድኤት ቁጥሩን ያሳየችን።

"እትዬ መዲና፣ እኔ አምናቸዋለሁ" አለችኝ ለእኔ። "ማመኔ ግን አይጠቅማቸውም። አዲስ ምስል ለማንሳትም፣ የእጅ ምርመራ ለማግኘትም ሰባት ቀይ ያስፈልጋል።"

የእጅ ምርመራ ማለት ሐኪም የሆነ ሰው በእጁ ሆድህን ሲነካ ማለት ነው። ለወሎ በሙሉ አራት እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የቀረው። ሰባት ቀይ ማለት ደግሞ በተከታታይ ሰባት ቀን፣ ከፀሐይ መግቢያ እስከ ፀሐይ መግቢያ፣ አመመኝ ማለትና አንዲት ደህና ነኝ አለማለት ነው። አንዲት አረንጓዴ ከበራች ከአንድ ይጀመራል። ሰሚውን በጨርቅ ብትጠቀልለው ቀኑ አይቆጠርም፤ ሞክሬዋለሁ። ቀዶ ጥገናው አርባ ቀን ሲሞላው ፋይሉ በራሱ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ሆድ ስም ማንም ማንንም አይጠራም። አሥራ አራት ቀን ቀርቶናል ማለት ነው። ይበዛል ብዬ አሰብኩ።

ስንወጣ ታክሲው "እንደምን ዋሉ ጋሼ ይመር?" አለው።

"አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን ዋልክ?" አለ ይመር።

ለታክሲ ነው እንግዲህ። አረንጓዴው ሲበራ አየሁትና ክንዱን ቆነጠጥኩት። "ለቆርቆሮ መልስ ባትሰጥ ምን ይልሃል?"

"ሰላም ብሎኝ ዝም ልበለው? አፌ ቀደመኝ እኮ።"

ቤት ስንደርስ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ አነሳ። ሸሚዙን ገልጦ፣ ሕመሙ ያለበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰና አጭር ሰረዝ አሰመረበት። ኮት ሲቆርጥ እንደሚያደርገው ነው ያደረገው። "ሐኪሙ እጁን ሲያመጣ የት ነው እያለ እንዳይቸገር" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲጠፋ ያድሰው ነበር።

ሁለት ቀን ቃሉ ከአፉ እያመለጠ ከሸፈብን። ለውሃ ቦኖው፣ ለመስጊዱ በር፣ ለሕፃናት። በሃያ ዘጠነኛው ቀን አንድ ዘዴ ነገርኩት፤ ሰው ሰላም ሲልህ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ በል፣ ቃል አታውጣ። ከሠላሳኛው ቀን ጀምሮ እንዲሁ አደረገ። ጠዋትና ማታ እኔ "አመመህ?" እለዋለሁ፣ እሱ "አመመኝ" ይላል፣ ቀይ ይበራል። ያቺን ቃል ሲናገር ሁሌ ወደ በሩ ያያል፣ ሰው ሰማኝ ብሎ ነው። ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ምስጋናውን መቀማቱም ያመው ነበር። "የሰጠኝን ጌታ ደጅ ለደጅ ላማው?" ብሎኛል አንድ ጊዜ። በልብህ አመስግን አልኩት።

ሦስት ቀን ቆየን። በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በሩ ተንኳኳና ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። የላካቸው ጎረቤታችን ጋሽ አራጋው ነው። ጋሽ አራጋው ጥግ ላይ ሱቅ አለው፤ ይመርን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት አደርክ ሲለው ይመር ጎንበስ ብሎ ብቻ አልፎታል። አስቀየምኩት ብሎ እንቅልፍ አጣ፣ ምን እንዳጠፋ ባያውቅም ካሳ ልካስ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ራሱም ከኋላቸው ቆሟል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

"ይመር፣ ምን በደልኩህ?" አለ። "ንገረኝና እግርህ ላይ ልውደቅ።"

ይመር ከተቀመጠበት ተነሳ። ሲነሳ ሆዱን ያዝ ሲያደርግ አይቻለሁ። በዓይኔ እለምነዋለሁ፣ አያየኝም።

"ኧረ አራጋው፣ አንተ ምን በደልከኝ? ደህና ነኝ እኮ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለና አቀፈው።

ሠላሳ ሦስተኛው ቀን ነበር። ከዛሬ ፀሐይ መግቢያ ጀምረን ሰባት ብንቆጥር ልክ አርባኛው ቀን ፀሐይ ስትገባ ይሞላል። ከዚህ በኋላ ትርፍ ቀን የለም።

ሽማግሌዎቹ ሳይወጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ነውር ነው ብሎ ይመር ሊያስቆመኝ ፈለገ፤ ሆድ ይፍጀው እያልክ ሆድህ እየፈጀህ ነው አልኩት ሰው ፊት። ጋሽ አራጋው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ "ለእኔ ተዉት" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ የሆነውን ቧንቧ ውሃ የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጋሽ አራጋው በየቤቱ ዞሮ ይመርን ሰላም እንዳትሉት ብሎ ለመነ። ሰዉም እሺ አለ። ይመር በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ መንገደኛው አጠገቡ ሲደርስ አፉን ሊከፍት ይልና ይይዘዋል። እስላሙ "አላህ ያሽርህ" ይላል፣ ክርስቲያኑ "እግዜር ይማርህ" ይላል፤ ይመር "አሚን" ይላል። አሚን አይቆጠርም። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ጨርቅ ያወራሉ። እንዴት ነህ የሚለው የለም። ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ሰፈር ለአንድ ሰው ሆድ ሲል ሰላምታውን ዋጠ። ሴቶቹ በእኔ በኩል ሲያልፉ በጣታቸው ቁጥር ያሳዩኛል፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ቀን ማታ ላይ ቀዩ ሲበራ ከሱቁ ደጃፍ ጋሽ አራጋው በባርኔጣው አውለበለበልን። ይመር ያን ጊዜ ከወገቡ ቀና ማለት አቅቶታል፣ የሚያስታውከውም አረንጓዴ ውሃ ብቻ ሆኗል። ቢሆንም ፈገግ አለ። ነገ ማታ የሰው እጅ ያየዋል።

ወሬ ግን እግር አለው፣ ሐይቅ ከተማ ደረሰ። ሲደርስም ተገልብጦ ነው የደረሰው፤ ይመርን ደሴ ላይ ሰው ሰላም አይለውም፣ ምን ቢያደርግ ነው የሚል ሆኖ። ሐይቅ እናቱ አሉ። እማማ ቶይባ ይባላሉ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ደካማ ነው። ከወለዷቸው አምስት ልጆች የቀረላቸው ይመር ብቻ ነው። ቀዶ ጥገናውን እንኳ ከዳነ በኋላ ነው የነገርናቸው፣ ያውም ትንሽ እባጭ ነበረች ብለን። በአርባኛው ቀን፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሹፌር የሌላት ታክሲ ደጃፋችን ላይ አወረደቻቸው።

በሩ ላይ ነው የያዝኳቸው። እጃቸውን ስሜ፣ በጆሯቸው፣ "እማማ፣ ዛሬ እስከ መግሪብ እንዳይጠይቁት። ደህና ነህ ወይ እንዳይሉት። መግሪብ ካለፈ እንደልብዎ" አልኳቸው።

"ልጄን ደህና ነህ ወይ ሳልለው ነው ቤቱ የምገባው?"

"ስለ አላህ፣ እማማ።"

ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ተቃጥያለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን የፈራሁት ልባቸውን ነው፤ ሕመሙን ሰምተው እደጃፉ ላይ እንዳይወድቁብኝ ነው የፈራሁት። ዓይኔን አዩና "እሺ" አሉ።

ገቡ። ይመር ሲያያቸው ከአልጋው ሊነሳ ሞከረ፣ በእጃቸው መለሱት። ግንባሩን ሳሙት። ከእግሩ በኩል ተቀመጡና አንዱን እግሩን ይዘው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አልጠየቁም። ስለ ሐይቁ አወሩ፤ ውሃው እንደሸሸ፣ ዓሣ የሚያጠምደው ማሽን አሁን ጭቃ ላይ ቆሞ ማንም እንደማያነሳው። የጎረቤት ጥጃ በአጥር ገብታ ጎመናቸውን እንደበላች። ይመር እየሰማ ዓይኑን ይከድናል። እኔ ከመስኮቱ ጋር ቆሜ የጦሳ ተራራን ጥላ አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። በየመሃሉ በጆሮው አመመህ ስለው፣ እሱም በሹክሹክታ ሲመልስልኝ፣ ሰሚው ከብርድ ልብሱ ስር ቀይ ይላል።

ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ መጣበት። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ትራሱን ነከሰ፣ እግሩ እናቱ ጭን ላይ ተንቀጠቀጠ። ግማሽ ሰዓት አልቀረንም። እማማ ቶይባ እግሩን አጥብቀው ያዙ፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እንዳይጠይቁት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። እናት ናቸው፣ ምን ያድርጉ።

"ይመርዬ፣ አመመህ እንዴ ልጄ?"

ይመር ዓይኑን ገለጠ። ጥርሱን ከትራሱ ላይ አላቀቀ። እስከ ዛሬ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ።

"ኧረ ምንም አልልም እማዬ። ደህና ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነኝ።"

ብርድ ልብሱ ላይ አረንጓዴ በራ።

እማማ ቶይባ "ተመስገን" አሉና እግሩን ሳሙት።

ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ አልጋው ጋ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ አልራራሁለትም። ተናድጄ ነበር፣ ድምፄ እንዳይሰማ አፌን ጆሮው ላይ አድርጌ ነው የጮህኩበት። "ምን ነበር አመመኝ ብትላት? አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል ናት እኮ ይመር። ሰፈር ሙሉ ስድስት ቀን አፉን ይዞልህ።"

"አራቱን ቀብራለች" አለኝ። ትንፋሹ አጥሯል። "እሷ ፊት እንዴት ልበል? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?"

"እላለሁ" አልኩት። "እኔ ብሆን እላለሁ።"

እጄን ያዘ። ከዚያ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አራጋውና እኔ ደግፈን ሰሚ ቤት ወሰድነው። ረድኤት ስክሪኑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ወደ ላይ ጻፈች፤ መልሱ በሰከንድ ተመለሰ። ስድስት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አርባ ቀን ሞልቷል። ይመር ሸሚዙን ገልጦ ሰማያዊዋን ሰረዝ አሳያት።

"እዚህ ጋ ነው ልጄ። እጅሽን ብቻ አድርጊበት።"

ረድኤት እጇን ዘረጋች። ሆዱ ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው አቆመችው። "ጋሼ፣ ብነካውም ምን እንደምነካ አላውቅም" አለች። "ሆድ በእጅ ማየት አላስተማሩንም።" እንባዋ ወረደ። የተናደድኩባት መስሏታል። በእሷስ ምን ልናደድ።

ፋይሉ ማታውኑ ፀሐይ ስትገባ ተዘግቶ ነበር። ከጣሪያው ለስላሳ የሴት ድምፅ መጣ። "ጋሼ ይመር፣ ሙሉ በሙሉ ድነዋል። እንኳን ደስ አለዎት።"

ይመር ጠረጴዛውን ተደግፎ እንደቆመ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አላት።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተ። በመሃል ያለውን ስምንት ቀን አልተርክም። ሰሚው በእነዚያ ስምንት ቀናት ቀይ ነበር፣ ቀንም ሌትም ቀይ፤ የሚያየው ግን አልነበረም። የታከመ ሰው ሰባት ቀይ ቢሞላም አዲስ ፋይል እንዲከፈትለት ሠላሳ ቀን መጠበቅ አለበት። ሃያ ሁለት ቀረው።

አስከሬኑን ያጠቡት ሼህ ሙሄ ናቸው። ከቀብር ስንመለስ፣ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ለብቻዬ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ከውሃ ብዛት ተጨማድዷል።

"መዲና፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጀናዛ ስናጥብ ሆዱን ቀስ አድርገን እንጫናለን፣ ደንቡ ነው። የይመርን ስጫን፣ ከእምብርቱ በታች በግራ በኩል ቡጢ የሚያህል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣ። ሌላው ሆዱ ለስላሳ ነው፣ እዚያ ቦታ ብቻ ድንጋይ ነው። ታውቁ ነበር?"

"እሱ ያውቅ ነበር" አልኳቸው።

"ልክ እላዩ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጠመኔ ነበረበት። ሲሠራ ነክቶት የዘነጋው መስሎኝ አጥበን አስለቀቅነው።"

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያን ሆድ የነካው የመጀመሪያው የባዕድ እጅ የአጣቢው እጅ ነው። ያውም ደንብ ስለሆነ። ሼህ ሙሄ ያገኙትን ለማግኘት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ምሳ ለማቅረብ ሲወጡ እማማ ቶይባና እኔ ለብቻችን ቀረን። ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ከሞተ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ልባቸው ትቆማለች ብለን ተራ ገብተን ነበር የምንጠብቃቸው። የይመርን የብረት የጣት ቆብ፣ ሲሰፋ መርፌው እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያደርጋትን፣ በእጃቸው ይዘው ያገላብጧታል። ማን ምን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም።

"መዲና።"

"አቤት እማማ።"

"ያን ቀን መግሪብ እስኪያልፍ አትጠይቂው ብለሽኝ ነበር።" ድምፃቸው በጣም ቀጭን ነው። "ጠየቅኩት። ባልጠይቀው ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር?"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ይመር ጆሮ ላይ አፌን አድርጌ የተናገርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ፤ አንዲት ቃል ናት ያልኩት፣ እኔ ብሆን እላለሁ ያልኩት። እማማ ቶይባን አየኋቸው። ዓይናቸው ዓይኔን አይለቅም።

"ኧረ ምን ነካዎት እማማ" አልኳቸው። "ወረቀቱ ከዚያ በፊት ነው የተዘጋው። እርስዎ ሲመጡ ነገሩ አልቆ ነበር። እንዲያውም እርስዎን አይቶ ነው ያን ቀን የሳቀው።"

ከዚያ ከደረታቸው አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፣ ትከሻቸው ረገብ አለ። የጣት ቆቧን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና ጣቶቼን በላይዋ አጠፏቸው።

"አንቺስ ልጄ? አንቺ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ እማማ" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

እጄ ላይ አረንጓዴው በራ። እንዳያዩት እጅጌዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት።